እልፍኝ አስከልካዩ ምን አጠፋ?

ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ወጣቱ ፕሮግራመር አዲስ አበባ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስደግፏል። የሰፈሩን እድር መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አወጣለሁ ብሎ ቃል ከገባ ወር ሆኖታል። ፕሮግራሙ አልቋል፤ ላፕቶፑ ላይ ሲከፍተው እንከን አይወጣለትም። የአባላት ስም አለ፣ መዋጮ አለ፣ ያልከፈለ ሰው በቀይ ይታያል። የቀረችው «ትንሽ ነገር» ብቻ ናት፦ ፕሮግራሙን በተከራየው ሰርቨር ላይ ጭኖ፣ ከፊቱ ኤንጂን ኤክስ የሚባለውን ሶፍትዌር አቁሞ፣ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ እየተቀበለ ወደ ውስጥ እንዲያሳልፍ ማዘዝ። ከ10 መስመር የማትበልጥ ጽሑፍ ናት። የሙያው ሰዎች እንደሚያውቁት ሌሊቱን የምታነጋው ሁልጊዜ እንዲህ ያለችዋ ናት።

ስልኩ ጮኸ። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው።

«ልጄ፣ ሞከርኩት እኮ።»

«እሺ ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?»

«502 ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ የልጅ ልጄን ባስነብባት ‹መጥፎ በር› ማለት ነው አለችኝ። የማን በር ነው መጥፎው?»

«የማንም አይደለም ጋሼ። መልእክት ነው።»

«መልእክት መሆኑንማ አየሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት በር እኮ ባለፈው ክረምት ነው የተጠገነው።»

ወጣቱ «ነገ ይስተካከላል» ብሎ ስልኩን ዘጋና የኤንጂን ኤክስን ፋይል ከፍቶ መነካካት ጀመረ። አንድ መስመር ጨመረ፤ ሌላውን ሰረዘ፤ የጨመረውን መልሶ ሰረዘ። 502 ከቦታው አልተነቃነቀም። ደግሞስ ለምን ይነቃነቃል? ወጣቱ እየገሠጸ ያለው በሩ ላይ ቆሞ «ጌታዬ፣ ውስጥ ብጣራ የሚመልስልኝ አጣሁ» ያለውን ምስኪን ነው። የተኛው ሰው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ግን በር ላይ በቆመው ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ በር ጠባቂ ለምን አስፈለገ? ፕሮግራሙ ራሱ በሩን ከፍቶ እንግዳውን ቢቀበልስ? መቀበልስ ይችላል። ነገር ግን ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ ሲጠራ የሚያንኳኳው 80 ወይም 443 ቁጥር ፖርትን ነው፤ በዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓት ደግሞ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች ከጥንት ጀምሮ የተያዙት ‹ሩት› ለሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን ነው። አንድ ወጣት በወር የጻፈውን የእድር ፕሮግራም በዚህ ሥልጣን ማስኬድ፣ ለአዲስ ተቀጣሪ የካዝናውንም የመኪናውንም ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን እንደማስረከብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጓዳ ገብቶ 3000 በሚባል ፖርት ላይ ይቀመጣል፤ ውጭውን ኤንጂን ኤክስ ይይዛል። እሱም ቢሆን ጠንቃቃ ነው፦ ፖርቱን የሚከፍተው አለቃው በሩት ሥልጣን ሲሆን፣ እንግዳ የሚያስተናግዱት ሠራተኞቹ ግን ሥልጣናቸው የተቀነሰ ነው።

ደግሞ ዘገምተኛ እንግዳ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ፣ አንዲት ገጽ በጠብታ የሚቀበል ሰው። ጓዳ ያለው ፕሮግራም ይህን ሰው ራሱ ልጠብቀው ቢል፣ ወጡን ጨልፎ ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዘ ሊቀር ነው። ኤንጂን ኤክስ መልሱን ከጓዳው በአንድ ትንፋሽ ተቀብሎ እሱ ጋ ያቆየዋል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል፤ ታክሲ ውስጥ ያለውም ሰው በጠብታው ይቀጥላል።

የኤንጂን ኤክስ ልደት ራሱ ከዚህ ከእንግዳ ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳን ኬግል የተባለ ፕሮግራመር፣ አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚችልበት ዘመን ደርሷል፤ ታዲያ እንዴት ይደረግ? የሚል ጥያቄ አነሣ። በዘመኑ የተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አስተናጋጅ መመደብ ነበር። ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህ የት እንደሚያደርስ ይገባዋል፦ 10,000 እንግዳ፣ 10,000 አስተናጋጅ፤ አዳራሹ ሞልቶ ምግብ የሚገባበት በር ይጠፋል። ራምብለር በሚባለው የሩሲያ ኩባንያ የሲስተም አስተዳዳሪ የነበረው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ መንገድ ይዞ ተነሣ። ጥቂት አስተናጋጆች ብቻ ይኖራሉ፤ አንድ እንግዳ ጋ ተገትሮ የሚጠብቅ የለም፤ ለጠራ ሁሉ ደርሶ፣ አቀብሎ፣ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። ሥራውን ለሕዝብ የለቀቀው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2004 ነው፤ ስፑትኒክ ወደ ሕዋ ከተላከች ልክ 47 ዓመት በሞላበት ቀን።

ስሙን በላቲን ፊደል ላየው ሰው ግን ሩሲያዊው ብዙም አላዘነለትም። አናባቢው ስለተዋጠ፣ አይቶት የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሲያነበው የሚያስነጥስ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤፍ ፋይቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኤንጂን ኤክስን ድርጅት በ670 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ ራምብለር «ሶፍትዌሩ የተጻፈው ሲሶየቭ እኔ ቤት ተቀጥሮ ሳለ ነው» በሚል ባነሣው ክስ የሞስኮ ፖሊስ ቢሮውን ፈተሸ። የሰው በር ሲጠብቅ የኖረ ሶፍትዌር የራሱ በር ተንኳኳ። ክርክሩ በኋላ በርዷል።

የሙያው ሰዎች ይህን ሥራ ‹ሪቨርስ ፕሮክሲ› ይሉታል። ቃል በቃል ‹የተገላቢጦሽ ወኪል› ብሎ የተረጎመ ካለ ይቅር ይባል። ተራው ፕሮክሲ ተላላኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሰርቨር ላይ ሲሠራ ዓላማው በፋየርዎል የታጠሩ ሠራተኞች ከአጥር ውጭ ያለውን ድር እንዲያዩ ነበር። የተገላቢጦሹ ደግሞ ውጭ ያለው ሰው ወደ አጥሩ ውስጥ ሲመጣ የሚቀበለው ነው። ለዚህ ሥራ አማርኛ ስም አጥቶ አያውቅም፤ ቤተ መንግሥቱ በእንዲህ ያሉ ባለሟሎች የተሞላ ነበር። ንጉሡ ዘንድ ማን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚጠና የሚያውቅ እልፍኝ አስከልካይ ነበረ። ግብር ሲበላ እንግዳውን እንደየማዕረጉ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ አጋፋሪ ነበረ። ስሙ እንደሚለው የንጉሡ አፍ የሆነ አፈ ንጉሥ ነበረ፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው። ከሁሉም የሚገርመው ግን ሊቀ መኳሱ ነው፦ ጦር ሜዳ ላይ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ ንጉሥ መስሎ የሚሰለፍ፤ ጠላት ያነጣጠረው ጥይት ንጉሡን ስቶ እሱን እንዲያገኝ።

ኤንጂን ኤክስ አራቱንም ሹመት ደርቦ ይዟል። ኢንተርኔት ላይ እየዞረ የተከፈተ በር የሚፈትሽ ሁሉ የሚያገኘው እሱን ነው፤ የእድሩ ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደተቀመጠ አያውቅም። ምስጢሩን የሚያመሰጥረውም የሚፈታውም እሱ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ድርጅት በነጻ አውጥቶ በየ90 ቀኑ ሳያልፍበት ማሳደስም በሱ ደጅ ነው። ደሞዝ ግን የለውም፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትዝ ሲለው የስህተት መዝገቡን ከፈተ። ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ ያላደረገ እሱ ብቻ አይደለም፤ ሎግ ማንበብ ሐኪም ቤት እንደመሄድ ነው፣ ሰው የሚያስታውሰው ዳማ ከሴው አልሠራ ሲለው ነው። ሰብሳቢው የሞከሩት «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ» ነው ብለውታል። መዝገቡ ውስጥ 03:00ን ፈለገ፤ የለም። 21:00ን ፈለገ፤ የለም። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የሐበሻ ቆጣጠር በበኩሉ ከዚህ ላይ 6 ሰዓት ይቀንሳል። የሰብሳቢው ምሽት 3 ሰዓት መዝገቡ ላይ 18:00 ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱን ለማስታረቅ ከመዝገቡ ላይ 3 መቀነስ፣ ከዚያም እንዳስፈላጊነቱ 12 ማንሣት ነው፤ ከእንቅልፍ ጋር እየታገሉ የሚሠራ ሒሳብ አይደለም።

18:04 ላይ እንዲህ ይላል፦ ግንኙነቱ እንቢ ተብሏል፣ ቁጥር 111። እልፍኝ አስከልካዩ 8000 ቁጥር ክፍልን አንኳኩቷል፤ እዚያ ማንም የለም። ድረ ገጽ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች መካከል የጃንጎ ትምህርቶች የሚወዱት ፖርት 8000 ነው፤ የፍላስኮቹ 5000ን፣ የኖዶቹ 3000ን ይወዳሉ። ወጣቱ መስመሩን ከአንድ የጃንጎ ምሳሌ ላይ ገልብጦ ኖሯል፤ የእሱ ፕሮግራም ግን 3000 ላይ ነው። ኤንጂን ኤክስ የታዘዘውን ክፍል አንኳኳ፣ ባዶ ሆኖ አገኘው፣ «ባዶ ነው» አለ። ከዚህ በላይ ታማኝነት ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሦስቱን ወንድማማቾች መለየት ደግ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። 502 ማለት «አንኳኳሁ፤ ወይ የሚከፍት የለም፣ ወይ የተከፈተልኝ ሰው የተናገረው አልገባኝም» ነው። 503 «አሁን አይቻልም፣ ቆየት ብለህ ና» ነው። 504 ደግሞ «ተቀብሎኛል፣ ቆይ ብሎኛል፣ እስካሁን አልወጣም» ነው፤ ኤንጂን ኤክስ ሌላ ካልተባለ ሳይሰማ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። አንዳንድ ሰው 504 ሲያይ መፍትሔ ያገኘ መስሎት 60ውን ወደ 600 ያሳድጋል። እንግዳውን 10 ደቂቃ ደጅ አስጠንቶ ማስተናገድ ከሆነ፣ አዎ፣ መፍትሔ ነው። ደግሞ 499 የሚባል አለ፤ ይህ በመደበኛው ሰነድ የሌለ፣ የኤንጂን ኤክስ የራሱ ቁጥር ነው። ትርጉሙ «እንግዳው ታክቶት መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ» ነው። በሕዝብ መገልገያ ቢሮዎችም እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ወፍራም ይሆን ነበር።

ፖርቱ ተስተካከለ፤ ገጹ ተከፈተ። ወጣቱ በደስታ ላፕቶፑን ዘግቶ ተኛ። ጠዋት ሰብሳቢው ደወሉ፤ 502። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ፕሮግራሙን ያስነሣው ከላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ በገባበት መስኮት ላይ ነበር፤ መስኮቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙም አብሮት ወደቀ። እሱ ነቅቶ ሲሞክር ይሠራል፤ እሱ ሲተኛ ይሞታል። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ «ማታ ማታ የሚመጣ ችግር» እያለ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ሲስተምዲ ለሚባለው የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ አስመዝግቦ፣ ሲወድቅ የሚያነሣው እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ይህም የኤንጂን ኤክስ ጥፋት አልነበረም። ኤንጂን ኤክስን ዶከር በሚባል ዝግ ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጠው «127.0.0.1ን አንኳኳ» የሚሉት ደግሞ ጭራሽ ያሳዝናሉ፤ 127.0.0.1 ማለት ‹ራስህ› ማለት ነውና ምስኪኑ ኮንቴይነሩ ውስጥ ቆሞ የገዛ በሩን ያንኳኳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጣጣ መልእክት የማድረስ ጣጣ ነው፤ ወሬው ያለውም እዚህ ነው።

እልፍኝ አስከልካይ እንግዳ ሲያስገባ «እገሌ ነው የመጣው፣ ከእገሌ አገር፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ» ይላል። ኤንጂን ኤክስ ካልታዘዘ እንዲህ አይልም። እንግዳውን በሩ ላይ አስቁሞ፣ ጉዳዩን ተቀብሎ፣ ራሱ ይገባል። ጓዳ ላለው ፕሮግራም የሚታየው አንድ ፊት ብቻ ነው፦ የእልፍኝ አስከልካዩ ፊት፣ አድራሻውም 127.0.0.1። የእድሩ 200 አባላት ሁሉ በፕሮግራሙ ዓይን አንድ ሰው ናቸው።

ወጣቱ ለጥንቃቄ ብሎ፣ ከአንድ አድራሻ 5 ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ከመጣ ያ አድራሻ ለአንድ ሰዓት እንዲታገድ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። አንዲት እናት የይለፍ ቃላቸውን ረስተው የልጃቸውን ስም፣ የልደታቸውን ዓመት፣ የሰፈራቸውን ስም፣ ደግሞ የልጃቸውን ስም፣ በመጨረሻም ስልካቸውን ሞከሩ። አምስት ሞላ። ፕሮግራሙም 127.0.0.1ን አገደ፤ እድሩ በሙሉ፣ ሰብሳቢውም ገንዘብ ያዡም ጭምር፣ ለአንድ ሰዓት ደጅ ቀረ።

«ልጄ፣ እኔን ያገደኝ ማን ነው? ስብሰባ ተቀምጠን ሳንወስን?»

መፍትሔው ኤንጂን ኤክስ የእንግዳውን እውነተኛ አድራሻ ‹ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር› በሚባል መስመር ጽፎ እንዲያስገባ ማዘዝ ነው። ይሁን እንጂ ይህም የራሱ ተንኮል አለው፤ መስመሩን እንግዳው ራሱም ጽፎ ሊመጣ ይችላል። ኤንጂን ኤክስ በተለመደው አጻጻፍ ከታዘዘ እንግዳው ያመጣውን አይሰርዝም፤ ከጎኑ እውነተኛውን አድራሻ ይጨምርበታል። አንድ ብልጥ «እኔ የመጣሁት ከሌላ አገር ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ፕሮግራሙም ከግራ የመጀመሪያውን ስም ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ ወረቀቱ ይሠራለታል። መታመን ያለበት በቀኝ ጫፍ ያለው፣ በራስ ሰው እጅ የተጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ይህን ሁሉ የሚተካ፣ ‹ፎርዋርድድ› የተባለ ደንበኛ መስመር በኢንተርኔት ደንቦች ቁጥር 7239 ሰነድ ታውጆ ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ሕዝቡ ግን አሁንም የሚጠቀመው በአሮጌው ነው። አዋጅ ሲወጣ አይቶ የሚያውቅ አይገረምም።

የቤቱ ስም ጉዳይም አለ። እንግዳው የጠራው የእድሩን ድረ ገጽ ነው፤ ኤንጂን ኤክስ ግን ካልተነገረው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚጠራው የጓዳውን አድራሻ ነው፤ 127.0.0.1፣ ፖርት 3000። ፕሮግራሙም ስሜ ይህ ነው ብሎ ያምናል። የይለፍ ቃላቸውን ለረሱት እናት በኢሜይል «እዚህ ይጫኑና አዲስ ያውጡ» የሚል አገናኝ ላከላቸው፤ አገናኙ የተሠራው በዚያ ስም ነው። ሲጫኑት ስልካቸው 127.0.0.1ን፣ ማለትም ራሱን፣ ጠየቀ። ስልኩ ስለ እድሩ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ መስመር ትእዛዝ ብትጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን መስመሯ እንደምታስፈልግ የሚታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በየትኛው መንገድ እንደመጣም መናገር አለበት። እንግዳው እስከ በሩ የመጣው በተመሰጠረው መስመር ነው፤ ከበሩ እስከ ጓዳ ያለው ግን ተራ መስመር ነው። ይህ ያልተነገረው ፕሮግራም «ባልተመሰጠረ መንገድ መጥተሃል፤ ተመለስና በተመሰጠረው ና» ይላል። እንግዳው በተመሰጠረው ይመጣል፤ ኤንጂን ኤክስ ምስጢሩን ፈትቶ በተራው መስመር ያስገባዋል፤ ፕሮግራሙ «ባልተመሰጠረ መንገድ መጥተሃል» ይላል። መስኮት 3 ወደ መስኮት 5፣ መስኮት 5 ወደ መስኮት 3 ሲልኩት የዋለ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ከ20 ዙር በኋላ «በቃኝ» ብለው መቆማቸው ነው። ባለጉዳይ ግን ከዚያም በላይ ይታገሣል።

አሁን ስለ እዝባር። አማርኛ አንባቢ ይህችን ዘንበል ያለች መስመር አቅልሎ አያያትም፤ ወይዘሮን ወ/ሮ፣ ዶክተርን ዶ/ር የምታደርግ፣ ግማሽ ስም ውጣ ሙሉ ስም የምታስነብብ ናት። ኤንጂን ኤክስ ላይ ያላት ሥልጣን ከዚያ ይበልጣል። ወጣቱ የእድሩን ገጾች ሁሉ «/እድር/» በሚል ቅጥያ ሥር አደረጋቸው እንበል፤ እንግዳው «/እድር/አባላት» ብሎ ይጠይቃል። ወደ ጓዳ በሚያስተላልፈው ትእዛዝ ላይ አድራሻው የፖርቱ ቁጥር ላይ ካበቃ፣ ፕሮግራሙ የሚደርሰው «/እድር/አባላት» እንዳለ ነው። በአድራሻው መጨረሻ አንዲት እዝባር ከተጨመረች ግን ኤንጂን ኤክስ «/እድር/»ን ቆርጦ በእዝባሯ ይተካና «/አባላት» ብቻ ያስገባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እንደ ፕሮግራሙ ጠባይ ነው። ‹ድሮ የሚሠራው ለምን ቆመ› ብሎ ሌሊት ያነጋ ስንት ባለሙያ አለ፤ ዓይን ሊያርፍባት የማይወዳት አንዲት እዝባር ወድቃ፣ ወይም ተጨምራ።

አባላት የሚለው ቃል ራሱ ሲጓዝ አባላት ሆኖ አይጓዝም። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ሆሄ ይሆናል። አንድ ፊደል 9 ምልክት። «ሰላም» 27 ምልክት ነው፤ «አባላት» 36። ሰብሳቢው አንዱን አገናኝ ለጓደኛቸው ሊልኩ ገልብጠው ያዩት ጊዜ «ይህ ጥይት የበላው ጽሑፍ ምንድን ነው?» ብለዋል። ይህንንስ ኤንጂን ኤክስ ሳያጉረመርም ያነበዋል፤ ገጾቹን ሲለይ የሚያየው ተፈትቶ ፊደል የሆነውን ነው።

የማያነበው ድርብ ሰረዝን ነው። በኤንጂን ኤክስ ፋይል ውስጥ ተራ ትእዛዝ ሁሉ በሴሚኮለን ይዘጋል፤ አንዷ ከተረሳች ሁለት መስመር አንድ መስመር መስሎት ይጮኻል። ወጣቱ የአባላትን ስም ሲያስገባ የአማርኛውን የቁልፍ ሰሌዳ ከፍቶ ረስቶት፣ በሴሚኮለን ፈንታ «፤» ጽፎ ነበር። ለሰው ዓይን ያው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። ደግነቱ፣ ፋይሉን ከመጫን በፊት የሚፈትሽ ትእዛዝ አለ፤ ስህተቱ ያለበትን መስመር ቁጥር ሳይቀር ይናገራል። ይህ ፈተና የሚያየው ሰዋስውን እንጂ እውነቱን አይደለም፤ ባዶ ክፍል እንድታንኳኳ ታዘሃል ብሎ አያስጠነቅቅም። የየኔታን ንባብ አጥርቶ፣ ትርጓሜ ቤት ገና ያልገባ ተማሪ ማለት ነው።

የተስተካከለውን ፋይል ሲጭኑት ደግሞ የሚያስደስት ጨዋነት ያሳያል። አሮጌዎቹ ሠራተኞች እጃቸው ላይ ያሉትን እንግዶች ሳያስተናግዱ አይወጡም፤ አዲሶቹ አዲስ የመጣውን ይቀበላሉ፤ አሮጌዎቹ እንግዳቸውን ሸኝተው ይሰናበታሉ። ዘበኛ ተረኛው ሳይመጣ ጋቢውን ጠቅልሎ የሚሄድበት ግቢ ላለው ሰው ይህ የሚያስቀና ነው።

የመጨረሻው ጣጣ የመጣው በወሩ መጨረሻ፣ ሰዉ የባንክ ደረሰኝ ማስገባት ሲጀምር ነው። ወጣቶቹ ከስልካቸው ላይ የስክሪን ፎቶ ላኩ፤ ገባላቸው። አዛውንቶቹ የወረቀቱን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መብራት አብርተው፣ ጥሩ አድርገው ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ 413 ተባሉ። ኤንጂን ኤክስ ሌላ ካልተባለ ከ1 ሜጋባይት በላይ ዕቃ የያዘ እንግዳ አያስገባም፤ የዘመኑ ስልክ ካሜራ ደግሞ ለአንዲት ደረሰኝ 3 እና 4 ሜጋባይት ያወጣል። ፕሮግራሙ ምንም አላየም፣ በመዝገቡም ምንም የለም፤ እንግዳው ከነዕቃው የተመለሰው ከበሩ ላይ ነው። እውነት ለመናገር፣ ከጠቅላላው ሰንሰለት እልፍኝ አስከልካዩ በራሱ ፈቃድ ሰው የመለሰው ይህን ጊዜ ብቻ ነው። አዛውንቶቹ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፦ የወጣት ገንዘብ ይገባል፣ የእነሱ አይገባም። ጉዳዩ ለእሑድ ስብሰባ አጀንዳ ተያዘ።

ወጣቱ ልኩን ወደ 10 ሜጋባይት ከፍ አድርጎ፣ እሑድ ስብሰባው ላይ ቀርቦ አስረዳ። በር ላይ የቆመ አንድ አለ፤ የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ሌሊትም ቀንም አይተኛም፤ ዕቃ ከበዛ ይመልስ ነበር፣ አሁን ግን ተነግሮታል አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሰሙት።

«ደሞዙን ማን ነው የሚከፍለው?»

«ደሞዝ የለውም ጋሼ። በነጻ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ከንፈር የመጠጠ አልጠፋም። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«እንዲህ ያለ ሰው ከእድሩ ውጭ ሊሆን አይገባም። መዝግበው። ስም?»

«ኤንጂን» አለ ወጣቱ፣ ማስረዳቱ ስለደከመው።

«የአባት?»

«ኤክስ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ ከዚያም ብዕሩን በሦስተኛው ዓምድ ላይ አቁሞ የአያቱን ስም ጠየቀ።